ሊንኩ ሞቷል፤ ገጹ ግን ሊገኝ ይችላል

[ስክሪን፦ አንድ ሊንክ ይነካል፤ ባዶ ገጽ ላይ 404 የሚል ጽሑፍ ይመጣል]

ጠቃሚ ገጽ አገኛችሁ፤ ሊንኩን ማስታወሻችሁ ውስጥ አስቀመጣችሁ፤ ለወዳጅም ላካችሁ። ቆይታችሁ ስትመለሱበት ግን 404 ይላችኋል። ዛሬ የጠፋ ገጽ እንዴት እንደሚፈለግ፣ በተለይ ደግሞ ከመጥፋቱ በፊት እንዴት እንደሚቀመጥ አሳያችኋለሁ። የኢንተርኔት ምክር ለሌሎች የሚያካፍል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ሊያውቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ምክሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሊንኩ ካልከፈተ ማንንም አይጠቅምም።

ችግሩ ከምናስበው በላይ ሰፊ ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩት ድረ-ገጾች 38 በመቶ ያህሉ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲፈለጉ አልተገኙም። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ላይ እንኳ ከተመረመሩት ጽሑፎች 54 በመቶው በዋቢዎቻቸው ውስጥ ቢያንስ አንድ የሞተ ሊንክ ነበራቸው።

ምክንያቱ የድሩ (የዌቡ) አሠራር ነው። የድሩ ፈጣሪ ቲም በርነርስ-ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ሰርን በተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ሆኖ ሐሳቡን ሲያቀርብ፣ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ወደ ማንኛውም ገጽ ሊንክ እንዲያደርግ ፈለገ። ድሩ ዓለምን ያዳረሰው በዚህ ቅለቱ ነው። ሆኖም ሊንኩ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ በመሆኑ፣ ገጹ ሲነሳ ወይም ቦታ ሲቀይር ወደ እሱ የሚጠቁሙት ሁሉ ወሬው አይደርሳቸውም። ሊንክ ስታስቀምጡ የያዛችሁት አድራሻ ነው፤ ነዋሪው ቤት ቢቀይር የሚነግራችሁ የለም።

[ስክሪን፦ የተለያዩ የስሕተት መልእክቶች ጎን ለጎን]

ሊንክ እምቢ ሲል መጀመሪያ መልእክቱን አንብቡት። 404 ማለት ሰርቨሩ (ገጹን የሚያቀርበው ኮምፒውተር) በሕይወት አለ፣ በዚያ አድራሻ ግን ገጽ የለውም ማለት ነው። ይህ ተስፋ አለው፤ ገጹ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። በ5 የሚጀምር ቁጥር፣ ለምሳሌ 500 ወይም 503፣ ከመጣ ችግሩ ሰርቨሩ ጋ ነው፤ ቆይታችሁ ሞክሩ። ብሮውዘሩ ጣቢያውን በስሙ ጭራሽ ማግኘት ካልቻለ ደግሞ ባለቤቱ ዶሜኑን (የጣቢያውን የአድራሻ ስም) ሳያሳድስ ቀርቶ ይሆናል።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ስሕተት የማያሳየው ነው። የተለቀቀን ዶሜን ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል። ያኔ ሊንኩ ያለችግር ይከፈታል፤ የሚመጣው ግን የቁማር ማስታወቂያ ወይም «ይህን ፋይል አውርዱ» የሚል ገጽ ነው። ከዚያ ምንም አታውርዱ።

404 ከሆነ የሊንኩን ጫፍ ተመልከቱ። በአማርኛ ስንጽፍ ሊንኩን አስገብተን አራት ነጥቡን ሳንለይ እናስጠጋዋለን፤ አንዳንድ አፕሊኬሽኖች ታዲያ «።»ን የአድራሻው ክፍል አድርገው ይወስዱታል። እሱን ስታጠፉት ገጹ ይከፈታል። ስለዚህ ሊንክ ስትልኩ ለብቻው መስመር ስጡት። በዚህ ካልተፈታ፣ አድራሻውን ከመጨረሻው ጀምራችሁ እስከ ቀዳሚው እዝባር (/) ድረስ እየቆረጣችሁ ሞክሩ፤ ገጹ የነበረበት ክፍል ሊከፈትላችሁ ይችላል። ርእሱን የምታስታውሱ ከሆነም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ ፈልጉት።

[ስክሪን፦ የዌይባክ ማሽን የቀን መቁጠሪያ፤ ሰማያዊ ክቦች ይታያሉ]

ይህ ሁሉ ካልሠራ የገጾችን የቆዩ ቅጂዎች የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን አለ። ብሩስተር ኬል እ.ኤ.አ. በ1996 የመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አገልግሎት ሲሆን፣ ለሕዝብ የተከፈተው በ2001 ነው። ዌብ ዶት አርካይቭ ዶት ኦርግ ላይ ግቡና የሞተውን አድራሻ ፔስት አድርጉ። የቀን መቁጠሪያ ይመጣል፤ ክብ የተደረገባቸው ቀኖች ገጹ የተቀዳባቸው ናቸው። ሰማያዊዎቹን ምረጡ። ብርቱካናማው ያን ቀንም ገጹ አልተገኘም ማለት ነው፤ አረንጓዴው ወደ ሌላ አድራሻ ይመራል፤ ብዙ ጊዜ አዲሱን ቦታ የምታገኙት በእሱ ነው። ሁሉም ነገር እዚያ አለ ማለት ግን አይደለም። በይለፍ ቃል የሚከፈቱ ገጾች አይቀዱም፤ ቪዲዮም ብዙ ጊዜ ይጎድላል።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። በዚያው ጣቢያ ላይ አድራሻ አስገብታችሁ ገጹ ወዲያው እንዲቀዳ የምታዙበት ሳጥን አለ። የወደዳችሁትን ገጽ በዕለቱ አስቀዱት፤ ለሌሎች ስታካፍሉም ዋናውን ሊንክ ከተቀዳው ሊንክ ጋር አብራችሁ ስጡ። የሚቀዳው ቅጂ ለማንም ክፍት ስለሆነ የግል መረጃ ያለበትን ገጽ አታስቀዱ።

ረጅም አድራሻን በአጭር የሚተኩ፣ በማሳጠሪያ አገልግሎት የተሠሩ ሊንኮችንም ብትተዉ እመክራለሁ። አሳጣሪው አገልግሎት ሲዘጋ፣ ዋናው ገጽ በሕይወት ቢኖርም መንገዱ ይቆረጣል። ጉግል እንኳ የራሱን ማሳጠሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአዲስ ሊንክ ዘግቶታል። አጭሩ ሊንክ ከሞተ በኋላ ዋናው አድራሻ የት እንደነበር ለማወቅ በጣም ያስቸግራል።

[ስክሪን፦ የፕሪንት መስኮት፤ «ፒዲኤፍ» የሚለው ይመረጣል]

በመጨረሻ፣ በእጃችሁ የሚቀር ቅጂ ያስፈልጋችኋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ኢንተርኔት አርካይቭ ራሱ የሳይበር ጥቃት ደርሶበት ለቀናት ተዘግቶ ነበር። በኮምፒውተር ኮንትሮል (Ctrl) እና P የሚሉትን ቁልፎች አብራችሁ ስትጫኑ የፕሪንት መስኮት ይከፈታል፤ ከማተሚያ ይልቅ ፒዲኤፍ የሚለውን ምረጡ። በስልክም ከብሮውዘሩ ማጋሪያ ውስጥ ፕሪንት የሚለውን ስትነኩ ወደዚያው ይወስዳችኋል። ፋይሉን ስትሰይሙ የገጹን ርእስ፣ የጸሐፊውን ስምና ያስቀመጣችሁበትን ቀን ጻፉበት፤ ሊንኩ ቢሞት የምትፈልጉት በእነዚህ ነው።