ለአጋዘኑ የተሰጠው ጊዜ

እንደምን አመሻችሁ። የትምህርት ቤት ጥቃትን የሚያሳየውን «ረን ሃይድ ፋይት» ፊልም አሁን አብረን ስላየነው ታሪኩን አልደግመውም። ፈንዲሻውም አልቋል፤ ብዙ አላቆያችሁም።

የመጀመሪያውን ትዕይንት አስታውሱ። ዋና ገጸ ባሕሪዋ ዞዊና አባቷ አደን ወጥተዋል። አጋዘኑ ተመቷል፣ ግን ነፍሱ አልወጣም። ልጅቷ ድንጋይ አንስታ ትጨርሰዋለች። እዚህ ጋ ፊቴን አዞርኩ። መግደል ምን ያህል እንደሚከብድ የገባው ፊልም ነው ብዬም ተስፋ አደረግኩ።

ከዚያ የገዳዮቹ ቫን የትምህርት ቤቱን ካፍቴሪያ ጥሶ ገባ። ተማሪዎች መውደቅ ጀመሩ። እስቲ ከሞቱት የስንቱን ስም ያዛችሁ? እኔ አንድም አልያዝኩም። የገዳዩን የትሪስታንን ግን ይዤ ወጣሁ። ይፈላሰፋል፣ ይቀልዳል፣ ግድያውን በቀጥታ ያስተላልፋል። ልጁ ዝና ፈልጎ ነው ይለናል ፊልሙ። ከዚያ ዝናውን ራሱ ይሰጠዋል።

ዳይሬክተሩ ካይል ራንኪን ይህን ፊልም በፈረንጆቹ 2020 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲያሳይ ሃያሲዎች አልራሩለትም። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ወግ አጥባቂው የሚዲያ ድርጅት ዴይሊ ዋየር አወጣውና ክርክሩ ፖለቲካ ሆነ። እሱን ልተወው። የኔ ቅሬታ ሰዓቱ ላይ ነው።

በእውነተኛው ዓለም፣ ፓርክላንድ በሚገኘው ትምህርት ቤት በ2018 17 ሰው የተገደለው በስድስት ደቂቃ ገደማ ነው። ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት በ2012 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች የሞቱት አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ነው። ፊልሙ 109 ደቂቃ ነው! ዞዊ አምልጣ ለመመለስ፣ ከሞተች እናቷ ጋር ለመነጋገር፣ ገዳዮቹን አንድ በአንድ ለማደን ጊዜ አላት። ዞዊን የምትጫወተው ኢሳቤል ሜይ ጎበዝ ተዋናይት ናት፣ አልክድም። ግን እንዲህ ያለ ጀግንነት ሳያስበው የሞቱትን ይወቅሳል። «ምነው እንደሷ ብትሆኑ» የሚል ይመስላል። እነዚያ ልጆች የሞቱት ብልጠት አንሷቸው አይደለም።

ርዕሱ እዚህ አሜሪካ ለእንዲህ ያለ ቀን ከሚሰጠው ሥልጠና የተወሰደ ነው፤ ሩጥ፣ ተደበቅ፣ ተፋለም። የኔዋ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ በር ዘግቶ የመደበቅ (ሎክዳውን) ልምምድ አድርገው መጣች። መብራት ጠፍቶ፣ ጥግ ይዘው፣ ትንፍሽ ሳይሉ ተቀመጡ። ጫማዋ ስትረግጥ የሚያበራው ዓይነት ነው። «እማዬ፣ እንዳይበራ እግሬን በሁለት እጄ ያዝኩት» አለችኝ።

አጋዘኑ ላይ የቆየው ካሜራ እዚያ ጥግ ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ይበቃኝ ነበር።

አመሰግናለሁ። መድረኩ የእናንተ ነው።