ግራስ፦ ቀኑን አበባው ይምረጥላችሁ

የተከበራችሁ የተክል ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ንግግር ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ለመጓዝ ለምትዘጋጁ፣ ግራስ ለምትባለው ጥንታዊ የሽቶ ከተማ ደግሞ አንድ ቀን ወይም አንድ ቀን ተኩል ብቻ ለመደባችሁ ነው። ጊዜው አጭር ቢሆንም ቀኑንና ሰዓቱን አጣርቶ ለሄደ ሰው ይበቃል። ብዙ ጎብኚ ግን እኩለ ቀን ላይ ይደርስና ሁለት ሦስት የሽቶ መደብር ዞሮ፣ ጠርሙስ ገዝቶ ይመለሳል፤ አንድ አበባ እንኳ ማሳ ላይ አላየም። ለእንደኛ ዓይነት ሰው ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የምታዩትን አበባ ምረጡ። የግራስ ጽጌረዳ የሚያብበው በሜይ ወር፣ በእኛ ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ በግንቦት ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ቆይቶ ያበቃል። ጃስሚን ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይለቀማል። ቱበሮዝ የተባለው አበባም በዚያው ወቅት ስለሚደርስ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማየት ይቻላል። በሰኔ መጨረሻ የሄደ ሰው ጽጌረዳው አልፎ፣ ጃስሚኑ ሳይጀምር ይደርሳል። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ኮረብታውን ቢጫ የሚያለብሰው ሚሞዛ ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ሲሆን አዊ ውስጥ ለከሰል የሚለማው ዲከረንስ የቅርብ ዘመዱ ነው።

ከተማዋ ሽቶን የጀመረችው በአበባ አይደለም፤ በቆዳ ነው። በመካከለኛው ዘመን ግራስ የቆዳ ፋቂዎች ከተማ ነበረች፤ ፉ የምትባለው ምንጭ ውሃውን ትሰጣቸው ነበር። የተለፋ ቆዳ ይሸታልና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጓንቶችን በአበባ ሽታ ማወድ ተጀመረ። በኋላ የቆዳው ሥራ በቀረጥ ጫናና በፉክክር ሲዳከም ሽቶው ብቻውን ቆሞ ቀረ። እኛም ከዚህ ታሪክ የራቅን አይደለንም። ከጥሪኝ የሚወጣው የኢትዮጵያ ዝባድ በከብት ቀንድ እየታሸገ ወደ ፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ሲላክ ኖሯል። የሚፈለገውም የአበባው ሽታ ቶሎ እንዳይበንን ስለሚይዝ ነው። ዛሬ ቦታውን በአብዛኛው በቤተ ሙከራ የሚሠሩ ቅመሞች ወስደውታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ዩኔስኮ የግራስ አካባቢን የሽቶ ተክል አመራረት፣ የጥሬ ዕቃ ዝግጅትና የቅመማ ዕውቀት በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል።

ወደ ማሳው እንሂድ። ጽጌረዳው ሮዛ ሴንቲፎሊያ ነው፤ ትርጉሙ “ባለ መቶ ቅጠል” ማለት ነው። ከእኛ ቀጋ አጠገብ ብታስቀምጡት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የቀጋ አበባ አምስት ቅጠል አለው፤ መሐሉ ላይ ቢጫው ወንዴ ክፍል ተሰብስቦ ይታያል። በሴንቲፎሊያ ግን ያ ክፍል በብዛት ወደ አበባ ቅጠል ስለተለወጠ አበባው እንደ ጎመን ራስ የታጨቀ ነው። ስለዚህም ዘር እምብዛም አይሰጥም፤ የሚባዛው በቁራጭ ወይም ቅርንጫፉን በሌላ ተክል ሥር ላይ በማዳቀል ነው። ለቃሚዋ አበባውን በሁለት ጣት መሐል ታስገባና ከሥሩ ካለው አረንጓዴ እብጠት በታች ቀጭ አድርጋ ትሰብረዋለች። ሽርጧ ሲሞላ ወደ ጆንያ፣ ከጆንያ ወደ ሚዛን ይሄዳል። አንድ ኪሎ ለመሙላት 350 አበባ ገደማ ይበቃል።

ጃስሚን ሌላ ነገር ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ8,000 እስከ 10,000 አበባ አንድ በአንድ መለቀም አለበት። አበባው የሚፈካው ሌሊት ነው፤ ሽታው የሚበረታውም ያኔ ስለሆነ ለቀማው ጎህ ሲቀድ ይጀምራል። ፀሐይ ከበረታች ሽታው ይበንናል። ዝናብ ጥሎበት ረጥቦ የተለቀመ አበባ ደግሞ ተከማችቶ ሲቆይ ይሞቃል፤ ይቦካል፤ ይጠቁራል። ለዚህ ነው ለቃሚዎች በጥልቅ ጆንያ ፋንታ አየር የሚያስገባ ቅርጫት የሚይዙት፤ ለዚህም ነው አበባው በተለቀመበት ቀን፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፋብሪካ መግባት ያለበት።

ማሳው ውስጥ ስትገቡ ጎንበስ ብላችሁ የጃስሚኑን ግንድ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እዩ። ያበጠ ጉብታ ታገኛላችሁ፤ የላይኛው ተክል በሌላ ሥር ላይ የተዳቀለበት ቦታ ነው። ከላይ ያለው ትልቅ አበባ የሚሰጠው ጃስሚኑም ግራንዲፍሎሩም ነው፤ ብርድ አይችልም። ሥሩ ግን ብርድ የሚችለው ጃስሚኑም ኦፊሲናሌ ነው። ውርጭ ከመምጣቱ በፊት ገበሬው አፈር ከምሮ ጉብታውን ይሸፍነዋል። በጸደይ አፈሩን ገልጦ ተክሉን ወደ መሬት አስጠግቶ ይገርዘዋል። አፈር የመከመሩ ሥራ ከተዘለለ ውርጩ የላይኛውን ይገድልና ከሥር የሚያቆጠቁጠው ኦፊሲናሌው ብቻ ይሆናል። ተክሉ ከሩቅ ለምለም ሆኖ ሳለ ምርቱ የሚጠፋው በዚህ ነው። ሙያው ያለው እዚህች ጉብታ ላይ ነውና ከጠርሙሱ በፊት እሷን አይታችሁ እንድትመለሱ እንፈልጋለን።

ጃስሚን በእንፋሎት አይጠመቅም፤ ሙቀቱ ሽታውን ያበላሸዋል። ድሮ በእንጨት ፍሬም በተያዘ መስታወት ላይ የነጠረ የአሳማና የከብት ሞራ ይቀባና አበባው አንድ በአንድ ይደረደርበት ነበር። በየቀኑ አሮጌው ተነሥቶ አዲስ ይተካል፤ ሞራው ሽታውን ጠጥቶ እስኪጠግብ ሳምንታት ይፈጃል፤ ከዚያ በአልኮል ይታጠባል። ዛሬ አበባው ሄክሴን በተባለ ሽታውን በሚያሟሟ ፈሳሽ ይታጠብና ኮንክሬት የሚባል ሰም የመሰለ ነገር ይወጣል። ለ1 ኪሎ ኮንክሬት በግምት 350 ኪሎ አበባ ያስፈልጋል። ሰሙ በአልኮል ተለይቶ ሲወጣ የሚቀረው ንጹሕ ዘይት ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው።

ስለ ቀኑ አዋዋል። በባሕር ዳርቻ ካለችው ካን ከተማ ግራስ ባቡር ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፤ ግን ጎህ ሲቀድ ማሳ ላይ ለመገኘት ከኒስ ወይም ከካን መነሣት አያዋጣም። በዋዜማው ግራስ እደሩ። ማሳዎቹ ከከተማው ውጭ፣ እንደ ፕላስካሲዬና ፔጎማ ባሉ መንደሮች አካባቢ ስለሆኑ ታክሲ ማታውኑ ተነጋግራችሁ ያዙ። አንዳንድ ገበሬዎች በቀጠሮ ያስገባሉ፤ ሳምንታት ቀድማችሁ ጻፉ። ሰዓቱን ስትነጋገሩም ተጠንቀቁ፤ እነሱ “ሰባት” ሲሉ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው።

ረፋዱ ላይ ወደ ሙዋን ሳርቱ ሂዱ። በዚያው የካን ባቡር መስመር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የዓለም አቀፉ የሽቶ ሙዚየም የአትክልት ቦታ ያለው እዚያ ነው። ተክሎቹ በከፊል በመዓዛቸው ዓይነት ተመድበዋል፤ ቅጠል ነክቶ ማሽተት የጉብኝቱ አካል ነው። በብርዱ ወራት ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ ግራስ ያለውን ሙዚየም ግቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የተከፈተ ነው፤ ጣራው ላይ ያለውን ግሪን ሀውስ ሳታዩ እንዳትወጡ። የቀረውን ሰዓት ለአሮጌው ከተማ፣ ለፕላስ ኦዜር አደባባይና ሦስት የሩበንስ ሥዕሎች ላሉበት ካቴድራል ስጡ። ባቡር ጣቢያው ከታች፣ ከተማው ከላይ ነው፤ ዳገቱ ቀላል አይደለምና ጫማችሁን አስቡበት።

አንድ አደራ ግን አለ። ቁራጭ በሻንጣ ይዛችሁ አትምጡ። በዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ዛይሌላ የተባለ ባክቴሪያ ተገኝቷል፤ የተክሉን የውሃ ቧንቧ ዘግቶ ያደርቃል። ብዙ ዓይነት ተክል ያጠቃል፤ ወይራ፣ ቡናና ብርቱካንም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የተያዘ ተክል ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ለቡና አገር ይህን ማምጣት ጨዋታ አይደለም።

ደግሞስ ለምን ትቸገራላችሁ? የግራንዲፍሎሩም አንዱ ንዑስ ዝርያ እዚሁ አገራችን የሚበቅል ነው፤ ጠምበለላችንም የዚያው ወገን ነው። ያላበበ፣ ከፊል የጠነከረ ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፤ የታች ቅጠሎቹን አንሱ፤ ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር በተሞላ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ሁለት አንጓ ቅበሩ፤ ጥላ ሥር አስቀምጡ። አፈሩ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋጥር፤ ከደረቀው ይልቅ የበሰበሰው ይበዛል። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ሥር ይይዛል። ከቤት ግድግዳ አጠገብ፣ ጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ትከሉት። የመጀመሪያው እምቡጥ ሲመጣም ቀን አትጠብቁት፤ መሽቶ ሲፈካ ወጥታችሁ አሽትቱት።

አመሰግናለሁ።