«ዘላለም» በተባለው ቃል ውስጥ ያለችው ዓለም

የተከበራችሁ የጉባኤው ታዳሚዎች፣

ዘላለም የሚለውን ቃል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ሰው ይጠራበታል፤ ወዳጅ ከወዳጁ ይማማልበታል፤ ጸሎት ያለ እርሱ አያልቅም። ከፍተን ውስጡን ያየነው ግን ጥቂቶች ነን።

መነሻው ግእዝ ነው። «ዘ» የእኛው «የ» ነው፤ «ለ» ሳይለወጥ ወደ አማርኛ ገብቷል፤ የቀረው ዓለም ነው። ዘለዓለም፣ «ለዓለም የሆነ»። በአማርኛ አነጋገር ዐይን የተባለው ፊደል («ዐ») የጉሮሮ ድምፁ ሲጠፋ «ለ» እና «ዓ» ተዋሐዱና ዘላለም ሆነ። ተናጋሪው በውስጡ የተቀበረውን «ለ» ስለ ረሳው ከፊቱ ሌላ ጨመረበት፤ «ለዘላለም» አለ። ስሕተት ነው አልልም፤ ካባ መልበሱን ረስቶ ሌላ ካባ የደረበ ሰው ይመስለኛል፤ ሞቆታል እንጂ አልተጎዳም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ዓለማዊ እና ዘላለማዊ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ዓለም አላፊ ጠፊ ናት እያልን የማያልፈውን መጥራት ሲያምረን ስሙን የምንበደረው ከዚያችው ከአላፊዋ ነው። ይህ እንዴት ሆነ?

ዓለም ቦታ ብቻ ስላልነበረ ነው። የቃሉ ዘመድ የሆነው የዕብራይስጡ «ዖላም» በጥንቱ ጽሑፍ ዳርቻው የማይታይ ረጅም ዘመን ነው፤ «ሰማይና ምድር» የሚለው ትርጉም የተጨመረበት ኋላ ነው። የግእዙ ዓለም ሁለቱንም ይዟል። ካህኑ «ለዓለመ ዓለም» ሲል የሚናገረው ስለ ዘመን ነው እንጂ ስለ ምድር አይደለም።

የዚያ ዘመን ርዝመት ደግሞ እንደ ተናጋሪው ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ነጻ መውጣት ያልፈለገ ባሪያ ጆሮው ተበስቶ ጌታውን ለዘላለም ያገለግላል፤ እዚህ ላይ ዘላለም የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። ዮናስ በዓሣው ሆድ የቆየው 3 ቀንና 3 ሌሊት ነው፤ በጸሎቱ ግን የምድር መወርወሪያ ለዘላለም ተዘጋብኝ ይላል። አጋነነ የሚለው ካለ፣ እርሱ በዓሣ ሆድ ያላደረ ሰው ነው።

ግሪኮችም የተጓዙት በዚሁ መንገድ ነው፤ «አዮን» የተባለው ቃላቸው በጥንቱ ገጣሚ በሆሜር ዘመን የሰው ዕድሜ ነበር፣ አርስቶትል ግን «ሁልጊዜ ያለ» ከሚለው ሐረግ ጋር አያያዘው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሮማዊው ፈላስፋ ቦኤቲየስ ሞቱን በእስር ቤት እየጠበቀ፣ ዘላለም ማለት ፍጻሜ የሌለውን ሕይወት በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መያዝ ነው ብሎ ጻፈ። ድንቅ ሐሳብ ነው፤ የእኛው ቃል ግን ይህን ያህል አይራቀቅም። የእኛው ዘላለም ይረዝማል፣ ይቀጥላል፣ ከዘመን አይወጣም።

አማርኛ ከዓለም ያወጣው ሌላም ቃል አለ፤ ዝንተ ዓለም። በግእዝ «ይህን ዓለም» ማለት ብቻ ነው። እኛ ግን «ሁልጊዜ» አደረግነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ለምሬት። ፍቅሩን የሚገልጽ ሰው «ለዘላለም» ይላል፤ የሰለቸው ደግሞ «ዝንተ ዓለም ይጨቀጭቀኛል» ይላል።

እኔም ዝንተ ዓለም አወራ እንዳልባል እዚህ ላይ አቆማለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።