የቀጠሮ ቀን ቁጥር ስኳራችሁ አይደለም

የተከበራችሁ የጎንደር ከተማ ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ በተለይ በቅርቡ «ስኳር አለብህ፣ ስኳር አለብሽ» ተብላችሁ ገና ድንጋጤው ያልለቀቃችሁ ወገኖቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ኖቬምበር 14 የሚከበረው ፍሬደሪክ ባንቲንግ የተወለደበት ዕለት ስለሆነ ነው። እሱና ቻርልስ ቤስት በ1921 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ላይ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊንን ባያገኙ ኖሮ፣ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ ልጆች አይኖሩንም ነበር። ክብር ይገባቸዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ልናገር ነው የቆምኩት፤ በቀጠሮ ቀን የሚለካው ቁጥር ስኳራችሁ አይደለም።

ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሦስት ወር ሙሉ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል። ክኒኑን አንድ ቀን ይውጣል፣ ሁለት ቀን ይዘላል። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ይባንናል። እንጀራ ይቀንሳል፣ ጠላ ይተዋል፣ ሻዩን መራራ ይጠጣል፣ ከማራኪ ፒያሳ በእግሩ ይወርዳል ይወጣል። በቀጠሮው ጠዋት በባዶ ሆዱ ይለካል፤ 118። «ጥሩ ነው፣ በርታ» ይባልና ያው መድኃኒት በዚያው መጠን ይጻፍለታል። እሱም ካርዱን መልሶ እንደወጣ ሻይ ከነስኳሩ ያዛል። ማንን አታለለ? ሐኪሙን? ሐኪሙማ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ዓይኑ፣ ኩላሊቱ፣ እግሩ ግን ያን ሦስት ወር አንድ በአንድ ቆጥረውታል!

ደሙም ቆጥሮታል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ስኳሩ ይጣበቅበታል፤ ኤ ዋን ሲ የሚባለው ምርመራ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ያወጣል። ውጤቱ 7 በመቶ ከሆነ የደም ስኳሩ አማካይ 154 አካባቢ ነው፣ 9 በመቶ ከሆነ 212 አካባቢ። ያ ባለ 118 ሰው ይህን ቢመረመር 9 ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ በቀጠሯችሁ ቀን «ኤ ዋን ሲ ይታዘዝልኝ» በሉ። አትፈሩ፣ መብታችሁ ነው።

በቤት ደግሞ በስኳር መለኪያ ማሽን ለኩ። ለአብዛኛው አዋቂ ግቡ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት ሐኪሙ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና አድርቁ፤ ማንጎ የላጠ ጣት ሳይታጠብ ቢለካ የማንጎውን ስኳር ነው የሚያነበው። የጣታችሁን ጎን ውጉ፣ ጫፉ ያማል። ደም እምቢ ካለ እጃችሁን ወደ ታች አንጠልጥሉ እንጂ አጥብቃችሁ አትጭመቁ፤ ከሥጋው የሚወጣ ውሃ ይቀላቀልና ቁጥሩ ይዛባል። የስትሪፑን፣ ማለትም ደሙ የሚነካበትን የማሽኑን መለኪያ ቁራጭ፣ ዕቃ ወዲያው ክደኑ፣ እርጥበት ያበላሸዋል።

ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በዘፈቀደ አታባክኑት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ ከአንድ ምግብ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ። አንድ ቀን ቁርስ፣ አንድ ቀን ምሳ፣ አንድ ቀን እራት። ኢንሱሊን የምትወስዱ ግን ከዚህ የበለጠ ያስፈልጋችኋል። እንበል ሙሉ እንጀራ በሽሮ በላችሁና ከ130 ወደ 240 ወጣ። በሌላው ቀን ግማሹን እንጀራ ከብዙ ጎመንና ከምስር ጋር ብሉና ለኩ። 170 ካያችሁ ያ ሳህን የእናንተ ሳህን ነው። እንጀራ ተከልክሏል የሚል ሰው ካለ አትስሙት። የሚለካው መጠኑ ነው።

አሁን ከፊት ወንበር ለተቀመጣችሁ ኃላፊዎች። ማሽን በፎቶ ታጅቦ ይሰጣል፤ ከወር በኋላ ስትሪፑ ከከተማው ይጠፋል። ስትሪፕ የሌለው ማሽን ምን ይሠራል? ማሽን ከምትሰጡን ስትሪፕ ዓመቱን ሙሉ አቅርቡልን! እናንተም ከውጭ ዘመድ ማሽን ከማስላካችሁ በፊት ስትሪፑ ጎንደር ፋርማሲ መኖሩን ጠይቁ፤ የአንዱ ስትሪፕ በሌላው ማሽን አይሠራም።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾሙ ከሆነ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው በማለዳ ወስዳችሁ አትዋሉ፤ ስኳር ወርዶ ቅዳሴ ላይ የሚወድቀው ሰው በዚህ ነው። በራሳችሁም አታቋርጡት፣ ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ሰዓቱንና መጠኑን ያስተካክልላችሁ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ርሃብ ከመጣ፣ ወይም ከ70 በታች ካነበበ፣ ጾሙ ይፈታል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ ካልተነሳ ድገሙ፣ ከተነሳ ምግብ ብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትጨምሩ፣ ሐኪም ቤት አድርሱት። ጸበል የምትሄዱም መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጸበሉ አይከለክላችሁም።

ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒን ሆድ ከረበሸ ከምግብ ጋር ውሰዱት። የተከፈተ ኢንሱሊን ፀሐይ ከማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ አራት ሳምንት ይቆያል። እግራችሁን ቁስል እንዳይኖርበት ማታ ማታ እዩ። ስኳሩ ከ250 አልፎ ማስመለስ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ።

በሩ ላይ ደብተር አለ፤ አንድ አንድ ውሰዱ። ቀን፣ ሰዓት፣ የበላችሁት፣ ቁጥሩ። መጥፎውንም ቁጥር ጻፉት፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚያስተካክለው በእሱ ነው።