«በወር 600 ብቻ» ተብሎ የተገዛው መኪና

የዛሬ ደዋዮቻችን ከዋሽንግተን ዲሲና ከአካባቢው ናቸው። አብዛኞቹ ሾፌሮች ወይም የሾፌር ቤተሰቦች ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ረጅም ስለሆነ መልሱም ረዝሟል።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምደውለው። ኡበር እሠራለሁ። ከሁለት ወር በፊት አዲስ ካምሪ ገዛሁ። በ31,000 ዶላር ተስማማን፤ 3,000 ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) ከፈልኩ። ከዚያ «በወር ስንት ትችላለህ?» አሉኝ፣ 600 አልኩ። ትንሽ ቆይተው «ተሳክቶልሃል» ብለው አስፈረሙኝ። ቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳየው ብድሩ 35,040 ዶላር ይላል። በ11 በመቶ ወለድ፣ ለ84 ወር። 28,000 መሆን አልነበረበትም? አሁን መመለስስ እችላለሁ?

መልስ፦ ለመኪናው እንኳን ደስ ያለዎት። ካምሪ ከ2025 ሞዴል ወዲህ ሃይብሪድ ብቻ ነው፤ ነዳጅ ስለሚቆጥብ ለእርስዎ ሥራ ይሆናል። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

ከመስመር ውጭ ሆነን ውሉን እያነበቡልኝ ደምረነዋል። በ31,000 ላይ የቨርጂኒያ የሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ አለ፤ ወደ 1,290 ዶላር ይመጣል። የዲለሩ (የመኪና ሻጩ ድርጅት) የወረቀት ሥራ፣ ሰሌዳና ምዝገባ ተደምሮ 950 ገደማ ነው። ዳውን ፔይመንቱ ሲቀነስ 30,240 ይቀራል። እስከዚህ ድረስ የሚያስገርም ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ግን 4,800 ዶላር ገብቷል፦ ኤክስቴንድድ ዋራንቲ (የተራዘመ የጥገና ዋስትና) 3,000፣ ጋፕ ኢንሹራንስ (መኪናው ቢወድም በዋጋውና በዕዳው መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍን) 900፣ የቀለም መከላከያ 900። እርስዎ ይህን ሁሉ መጠየቅዎን አያስታውሱም። አይገርመኝም፤ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ሰው የሚፈርመው ደክሞት ነው።

«በወር ስንት ትችላለህ?» የሚለው ጥያቄ ለእርስዎ የታሰበ ይመስላል። ግን 600 ካሉ በኋላ ሻጩ ወሩን አርዝሞ፣ ወለዱን ከፍ አድርጎ፣ ተጨማሪውን ሁሉ ከቶ እዚያው 600 ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። 600 በ84 ወር 50,400 ዶላር ነው። አሁን ይህን ይስሙኝ። ያንኑ 30,240 ከክሬዲት ዩኒየን (የአባላት ቁጠባና ብድር ማኅበር) በ7 በመቶ ለ60 ወር ቢበደሩት ኖሮ ወርሃዊው ስንት ይመስልዎታል? 599 ዶላር! ጠቅላላው 36,000 አይሞላም። በየወሩ ከኪስዎ የሚወጣው ያው ሆኖ ሁለት ዓመት ቀድመው ይገላገሉ ነበር። የክሬዲት ነጥብዎ (ዕዳ የመክፈል ታሪክዎን የሚያሳየው ቁጥር) ከ720 በላይ ነው ስላሉኝ 7 በመቶ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ዲለር ባንኩ ከሰጠው ወለድ ላይ የራሱን እንደሚጨምርም ይወቁ፤ ባንኩ 9 ያለውን 11 አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው።

መመለሱን በተመለከተ፣ አይችሉም። «የሦስት ቀን ሕግ አለ» የሚባለው ቤት ድረስ መጥቶ ለሚሸጥ ነጋዴ ነው እንጂ ዲለር ቤት ሄደው ለገዙት መኪና አይሠራም። በየካፌው ስንት ሰው በዚህ ሲከራከር ሰምቻለሁ።

ግን እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። ኤክስቴንድድ ዋራንቲውና ጋፑ አብዛኛውን ጊዜ ይሰረዛሉ። በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ቀን ያለበት ኮፒ ይያዙ። ገንዘቡ ለእርስዎ ሳይሆን ለአበዳሪው ነው የሚሄደው፤ ወርሃዊው አይቀንስም፣ ዕዳው ግን ያንሳል። ጋፑን ከመሰረዝዎ በፊት ግን ያስቡበት። አዲስ መኪና ከዲለሩ እንደወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ ቢጠፋ ወይም ቢወድም ኢንሹራንስ የሚከፍለው የዕለቱን ዋጋ እንጂ ዕዳዎን አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የራስዎን ኢንሹራንስ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በጣም ባነሰ ዋጋ ይሰጣሉ። የቀለም መከላከያው አንዴ ከተቀባ አለቀ፣ ይርሱት። ከዚያ ሁለት ሦስት ክሬዲት ዩኒየን ሄደው ሪፋይናንስ፣ ማለትም ይህን ብድር ባነሰ ወለድ በአዲስ ብድር መተካት፣ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ባለቤቴም ኡበር ይሠራል። ጓደኞቹ «ለኢንሹራንሱ እንዳትናገር፣ ይጨምርብሃል» ይሉታል። ልክ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ቤት የሚያፈርስ ምክር ነው። ተራው የግል ኢንሹራንስ አፑ በርቶ ሳለ ለሚደርስ አደጋ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። አፑን ከፍቶ ጥሪ ሲጠብቅ የኡበር ሽፋን ለሌላው ሰው ጉዳት እንጂ ለእናንተ መኪና አይሆንም። ተሳፋሪ ይዞ ሲሄድ ለራሳችሁም መኪና ሽፋን አለ፤ ግን በግላችሁ ሙሉ ኢንሹራንስ (የራሳችሁን መኪና ጉዳት ጭምር የሚሸፍን) ካላችሁ ነው፣ የመጀመሪያው 2,500 ዶላርም ከእናንተ ኪስ ይወጣል። ኢንሹራንሳችሁ ላይ የራይድሼር (እንደ ኡበር ላለ ሥራ የሚሆን) ተጨማሪ ሽፋን ግዙ። ይጨምራል፣ አልዋሽሽም።

ጥያቄ፦ እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። መኪናዬን ገዝቼ ታክሱን ከፍያለሁ። አሁን ደግሞ ካውንቲው የመኪና ታክስ ክፈል ብሎ ደብዳቤ ላከልኝ። ስህተት ይሆን?

መልስ፦ ስህተት አይደለም። ያኛው የሽያጭ ታክስ ነው፣ አንዴ ይከፈላል። ይሄኛው የንብረት ታክስ ነው፣ በየዓመቱ ይመጣል። ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶችዎ አያውቁትም። ለግል መኪና የመጀመሪያው 20,000 ዶላር ግምት ላይ ቅናሽ አለ፤ ከግማሽ በላይ ለሥራ የሚነዳ ከሆነ ግን ቅናሹን አያገኙም።

ሾፌር ከሆኑ የነዱትን ማይል ከመጀመሪያው ቀን ይመዝግቡ። ለ2025 አይአርኤስ (የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ) ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ እንዲቀነስ የፈቀደው ለአንድ የሥራ ማይል 70 ሳንቲም ነው። በዚህ የማይል ስሌት ከቀነሱ ነዳጅና ጥገናን ለብቻ አይቀንሱም፤ የብድሩ ወለድና ይኸው የካውንቲ ታክስ ግን የሥራ ድርሻቸው ይቀነሳል። በማይል መቀነስ ከፈለጉ መኪናው ሥራ በጀመረበት በመጀመሪያው ዓመት ነው መምረጥ ያለብዎት፤ አካውንታንትዎ ጋ ሲሄዱ ይህን አስቀድመው ይንገሩት።