ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መከፈት ያለበት በር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው እንበል። አንዲት ተረኛ አዋላጅ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለውን መድኃኒት መጠን ማጣራት ፈልጋ ኮምፒውተር ትከፍታለች። ገጹ ከመጣላት በሁለት ደቂቃ ትጨርሳለች። ክፍያ ከጠየቃት ግን ትዘጋውና አጠገቧ ያለውን ሰው ትጠይቃለች። ለማንም አቤት አትልም። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር የጤና ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ትልቁ ፈተና ይሄ ይመስለኛል፤ በሩ ሲዘጋ የሚጮኽ የለም።

የኖርዌይን ሄልሰቢብሊዮቴኬት፣ ማለትም የአገሪቱን የጤና ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት፣ ልውሰድ። በፈረንጆቹ 2006 ነው የተከፈተው። ገንዘቡ ከመንግሥትና ከክልል ጤና ተቋማት ነው የመጣው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ትልቁ ሆስፒታል ብቻ የሚገዛውን ነገር አገር በአንድ ላይ ይግዛው፣ ገጠር ያለውም ሐኪም ያንብበው።

ግዥው ራሱ እንደ መድኃኒት ጨረታ አይደለም። አንድ መጽሔት ያለው አንድ አሳታሚ ጋ ብቻ ነው፣ ተወዳዳሪ የለውም፤ ስለዚህ የሚቀረው ድርድር ነው። ድርድሩ ውሉ ከማለቁ ዓመት ቀድሞ መጀመር አለበት። ውሉ ላይ እኔ የምሞግትላቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ የዋጋ ጭማሪው ጣሪያ፣ ውሉ ቢቋረጥም የተከፈለበትን ዓመት እትም የማንበብ መብት፣ እና ተጠቃሚ ማለት ማን እንደሆነ። ተማሪው፣ የግል ክሊኒኩ፣ የአረጋውያን ቤት ነርሷ ተለይተው ካልተጻፉ፣ በኋላ ከተጠቃሚነት ይወጣሉ። ሒሳቡ በዶላር ከሆነ ደግሞ የኖርዌይ ገንዘብ ክሮነር በወደቀ ቁጥር ያው መጽሔት ይወደዳል፤ በጀቱ ላይ ለዚህ መጠባበቂያ ይያዝ።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ። አሳታሚው አንባቢውን የሚለየው በአብዛኛው በአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ላይ በሚታይበት ቁጥር፣ ነው። አንዳንዱ ፈቃድ ማንኛውንም የኖርዌይ አድራሻ ይቀበላል፣ ሌላው የተመዘገበ ሆስፒታልን ብቻ። ሆስፒታሉ ፋየርዎል (ኔትወርኩን ከውጭ የሚጠብቀውን መሣሪያ) ሲቀይር ወደ ውጭ የሚታየው አድራሻ አብሮ ይቀየራል። የኔትወርክ ክፍሉ ለቤተ መጻሕፍቱ መንገር ትዝ አይለውም፤ በማግስቱ ሕንፃው በሙሉ ውጭ ነው። ሌላም አለ፦ ሺህ ኮምፒውተር በአንድ አድራሻ ሲወጣ አንድ ሰው በፕሮግራም መቶ መቶ ጽሑፍ ቢያወርድ አሳታሚው አድራሻውን ይዘጋል፣ ሁሉም አብሮ ይቀጣል።

የአጠቃቀም ቁጥሩም ያታልላል። ካውንተር የሚባለው ዓለም አቀፍ የአቆጣጠር መስፈርት ፈቃድ ስለሌለ የተከለከሉ የንባብ ጥያቄዎችን ይመዘግባል፣ ጠቃሚ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚገዛ ይጠቁማል። ግን የሚቆጥረው ያወቀውን ተቋም ነው። አድራሻዋ ከዝርዝሩ የወጣው አዋላጅ ከተከለከሉትም ውስጥ አትገባም፣ ጭራሽ የለችም። ስለዚህ መታየት ያለበት የእያንዳንዱ ሆስፒታል ወርኃዊ ቁጥር ነው፣ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር። ሐምሌን ከሰኔ ጋር ማወዳደር አያዋጣም፣ ኖርዌይ በሐምሌ እረፍት ላይ ናት። ቁጥሩ ድንገት ግማሽ ከሆነ የንባብ ፍላጎት ቀነሰ ብላችሁ አትደምድሙ፣ ስልክ ደውሉ።

የሕክምና መመሪያዎች ላይ አጭር ነገር ልበል፦ እያንዳንዱ መመሪያ ባለቤት፣ የወጣበት ቀንና እንደገና የሚታይበት ቀን ይኑረው። አዲስ ሲመጣ አሮጌውን ዝም ብሎ ማጥፋት አይበቃም፤ የድሮው ሊንክ ወደ አዲሱ ይምራ፣ አለዚያ ሰው ዴስክቶፑ ላይ ያስቀመጠውን አሮጌ ፒዲኤፍ መጠቀሙን ይቀጥላል።

እኛ አገር ያለው በር ሒናሪ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በፈረንጆቹ 2002 የጀመረው የጤና መጽሔቶች ማንበቢያ ፕሮግራም። የኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ የሚያገኙበት ምድብ ውስጥ ናቸው። የሚመዘገበው ግን ተቋሙ ነው፣ ስለዚህ ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ሰው ያስፈልጋል። የይለፍ ቃሉ በቴሌግራም ከተሰራጨ ከውጭ ብዙ ይወርድበታል፣ መግቢያው ይታገዳል፣ የሚቸገሩት ግን የሕሙማን ክፍል ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ናቸው። የይለፍ ቃሉን የያዘው ሰው ሥራ ሲለቅ ለማን እንደሚያስረክብ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ብዙ ውል የሚያልቀው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 31 ነው። ክፍያው ተፈጽሞም የአሳታሚው ሲስተም ሳይታደስ ይቀርና በሩ ይዘጋል። ጥር 2 ጠዋት አንድ ሰው ሦስት ቦታ ይሞክር፦ ከሆስፒታል ኮምፒውተር፣ ከቤት፣ ከሞባይል ዳታ። የርዕስ ገጹን አይቶ አይለፍ፤ ያለፈው ወር ጽሑፍ ሙሉ ፒዲኤፍ እስኪወርድ ይጠብቅ።