ቲታኒየም ለምን ይወቀራል?

[ምስል፦ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ። አንድ ግንበኛ ግድግዳ በመሮ ይወቅራል።]

ይህ ሰው ግድግዳውን እያበላሸው አይደለም። ልሙጥ ግድግዳ ልስን ስለማይዝ አስቀድሞ ይወቀራል፤ የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ እንደሚወቀረው ሁሉ። ለሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር እንዲሆን መንጋጋ ውስጥ የሚተከለው የቲታኒየም ብሎንም ይወቀራል። ጉድጓዶቹ ግን በማይክሮ ሜትር (በሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) የሚለኩ ስለሆኑ ዓይን የሚያየው መደብዘዙን ብቻ ነው።

[ምስል፦ ሁለት ብሎኖች። አንዱ ያብረቀርቃል፣ ሌላው አመድማ ነው።]

ስዊድናዊው ሐኪም ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያው ታካሚ የተከላቸው ብሎኖች እንደሚያብረቀርቀው ነበሩ። አጥንቱ ያዛቸው፤ ግን በዚያ ዘመን ጥርሱ እስኪገጠም ከ3 እስከ 6 ወር መጠበቅ ግድ ነበር። በኋላ ብረቱን በደቃቅ ቅንጣት መደብደብ፣ ቀጥሎም በአሲድ ማስበላት ተለመደ። አጥንቱ ደህና በሆነ ሰው ላይ ጥበቃው ወደ 6 ሳምንት ወረደ።

እዚህ ላይ የግንበኛው ምሳሌ ያሳስታል። አጥንት እንደ ልስን ከውጭ መጥቶ አይለጠፍም፤ እዚያው ይበቅላል። ብሎኑን ቀድሞ የሚያገኘው ደም ነው። ደሙ ይረጋል፤ ፋይብሪን የሚባሉ ክሮች እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋሉ። አጥንት ሠሪ ሕዋሳት እነዚያን ክሮች እየሳቡ ወደ ብረቱ ይጓዛሉ። ብረቱ ልሙጥ ከሆነ ክሩ ሲሳብ ይላቀቅና መንገዱ ይቋረጣል፤ አጥንቱም ለብሎኑ ከተቦረቦረው ቀዳዳ ዳር ተነሥቶ ቀስ እያለ ይመጣል። ሻካራ ከሆነ ክሩ ይጸናል፤ አጥንቱ ከብረቱ ገጽ ላይ ይጀምራል።

ታዲያ ይበልጥ ይሻከር? አይደለም። ከ1 እስከ 2 ማይክሮ ሜትር ይበቃል። ድድ ሸሽቶ ብሎኑ ከተጋለጠ ሻካራው ገጽ ለባክቴሪያም መደላድል ነው።

[ምስል፦ ግንበኛው ከመለሰኑ በፊት ግድግዳው ላይ ውሃ ይረጫል።]

በዚህ ግን ግንበኛው ልክ ነው። ቲታኒየም አየር ላይ ሲቆይ ከአየሩ ካርቦን አዘል ውህዶችን ይለብስና ውሃ መሳብ ይተዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ብሎን ከፋብሪካው ጀምሮ በጨው ውሃ ውስጥ ታሽጎ ይመጣል፤ ደሙም ወዲያው ያርሰዋል።

ብሎኑ ከተተከለ በኋላ ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ብሎኑን አጥብቆ የያዘው አሮጌ አጥንት እየተበላ ነው፣ አዲሱ ገና አልጠነከረም። ያን ጊዜ ብሎኑ ከ150 ማይክሮ ሜትር ያህል በላይ ከተነቃነቀ በአጥንት ፋንታ ጅማት መሰል ሥጋ ይከበዋል፤ የገጹ መወቀርም አያድነውም። ታካሚው ግን ሕመሙ ስለጠፋ የዳነ ይመስለዋል።

[ምስል፦ ከቀትር በኋላ፣ በርጫ። አንድ ሰው ጫቱን ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ ያዛውራል።]